ሁለት ጊዜ የተሰማ ቃል

«የብሔራዊ ሸንጎ ጽሕፈት ቤት ለመላው የአገሪቱ ሕዝብ፣ በውጭ ለሚኖሩ ዜጎችና ለወዳጅ መንግሥታት በታላቅ አክብሮት እንደሚያስታውቀው፣ የወንበር ቁጥር 317 የመቀመጫ ትራስ ከደማቅ አረንጓዴ ወደ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ተቀይሯል። የቀድሞው ትራስ ለአሥራ አንድ ዓመት ማንም ሳይቀመጥበት በፀሐይ ብቻ ያረጀ መሆኑ በሦስት ባለሙያዎች ተረጋግጦ በክብር ከአገልግሎት ተሰናብቷል። የወንበሩ ባለቤት የተከበሩ አቶ ልሳነወርቅ ድንቁ በለውጡ የተሰማቸውን ልባዊ ደስታ ገልጸዋል።»

ልሳነወርቅ ደስ ብሎት እንደነበር የሰማው ማክሰኞ ጠዋት ጢሙን እየተላጨ ነው። አልገረመውም። በስልሳ ስምንት ዓመቱ፣ ስለ ራሱ የማያውቀውን ነገር ከጠዋት ዜና መስማት እንደ ቁርስ የለመደው ጉዳይ ነበር። ዜናው ሲያልቅ፣ በየቦታው በስሙ የሚቀርብለት ተናጋሪ ማሽን፣ ወኪሉ፣ የዕለቱን ሪፖርት ጀመረ። የወኪሉ ድምፅ የራሱ የልሳነወርቅ ድምፅ ነው፤ ልዩነቱ ወኪሉን ሳል አያውቀውም።

«እንደምን አደሩ የተከበሩ ወካዬ። ትናንት አራት ለቅሶ ደርሰዋል፤ በሁለቱ አልቅሰዋል። የእድር ስብሰባ ላይ ተገኝተው ስለ ድንኳኑ መቀደድ አስተያየት ሰጥተዋል። ከጎረቤትዎ ከአቶ መርዕድ ጋር ደግሞ ታርቀዋል።»

«ተጣልተን ነበር እንዴ?» አለ ልሳነወርቅ ምላጩን ጉንጩ ላይ እንደያዘ።

«ከመስከረም ጀምሮ። በጣም ነበር ያዘኑበት።»

«እሺ። ጸድቋል።»

ይህቺን «ጸድቋል» ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት በየጠዋቱ ብሏታል። ሪፖርቱ ቃለ ጉባኤ ነው፤ ቃለ ጉባኤ ደግሞ በዚህ አገር ሲጸድቅ እንጂ ሲነበብ ታይቶ አይታወቅም። ወኪሉ ስለ ሁለት ሰርግና ስለ አንድ የክርስትና ጥሪ ተናገረ፤ ጸደቀ። ስለ መራጮቹ አቤቱታ ተናገረ፤ ጸደቀ። ልሳነወርቅ ፊቱን በውሃ እየታጠበ ሳለ ወኪሉ ቀጠለ።

«በሸንጎ በኩል፣ በአካል መቅረብን ለማስቀረት የተረቀቀው አዋጅ ሐሙስ ለድምፅ ይቀርባል። ብቻውን የቀረው የአካል መስኮት ዓርብ ይዘጋል። የረቂቁ አቅራቢ እርስዎ ነዎት። እንኳን ደስ አለዎት።»

ልሳነወርቅ ፎጣውን ሳያነሳ ቀና አለ።

«ማነው ያቀረበው?»

«እርስዎ። ከኅዳር ወር ጀምሮ አርባ አንድ ጊዜ ሪፖርት አድርጌያለሁ፤ አርባ አንድ ጊዜ አጽድቀዋል። ድምፅዎን ላሰማዎት?»

መልስ ሳይጠብቅ አሰማው። «ጸድቋል» አለ ልሳነወርቅ ውሃ እየፈሰሰ። «ጸድቋል» አለ አፉን በጥርስ ሳሙና ሞልቶ። «ጸድቋል፣ ጸድቋል፣ ቶሎ በል» አለ አንዱ ላይ፤ ከኋላው የሚስቱ እህት ትብለጥ «ጋሼ ናማ አንድ ጊዜ ያዝልኝ፣ ልትወድቅ ነው» ስትል ይሰማል።

«በቃ» አለ። «ረቂቁን አንሳው።»

«ረቂቅ ለሸንጎው ከደረሰ በኋላ ወካይ ቤቱ ተቀምጦ ሊያነሳው አይችልም። አንቀጽ አሥራ አራት ነው። ያረቀቁትም እርስዎ ነዎት።»

ልሳነወርቅ ፊቱ እንደረጠበ ወደ መኝታ ቤት ሄደ።

ሚስቱ አስካለ መስኮቱ አጠገብ ተደግፋ ተቀምጣለች። ጥቅምት ላይ ስትሮክ ከመታት ወዲህ ቀኝ ጎኗ አይታዘዝላትም፣ አፏም ቃል አይሠራም። ትሰማለች። ይገባታል። የተናገሩት ነገር ከከነከናት ግራ እጇን አንስታ ጭኗን መታ ታደርጋለች። ከዚያ ሌላ ከእሷ የሚወጣ ነገር የለም። ታናሽ እህቷ ትብለጥ ከሕዳሴ ሰፈር መጥታ አብራቸው ከገባች ስድስት ወሯ ነው፤ አሁን ገንፎውን በማንኪያ እያቀረበችላት ነበር።

ሆስፒታሉ አስካለን አላከማትም። ሆስፒታሉ የሚያነጋግረው ወኪሏን ነው፤ የአስካለ ወኪል ደግሞ ደህና ነኝ ትላለች። በዚህ ወኪሏን መውቀስ አይቻልም። አስካለ በጤናዋ ዘመን አንድ ቀን እንኳ አሞኛል ብላ አታውቅም፤ ልጇን ስትወልድ እንኳ ነርሷ «ምጡ እንዴት ነው?» ስትላት «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» ያለች ሴት ናት። ወኪሏ የተማረችው ከዚያችው ሴት ነው። በየጠዋቱ በጆሮዋ መስሚያ «ዛሬም ደህና ነኝ ብያለሁ፤ ጸድቋል?» ትላታለች። አስካለ ዝም ትላለች። ወኪሏ አንድ ጊዜ ትደግመዋለች። አስካለ አሁንም ዝም ትላለች። በሕጉ መሠረት ጸደቀ ማለት ነው።

ልሳነወርቅ የሆስፒታሉን የመረጃ ክፍል ጠይቆ ነበር። «በስትሮክ ምክንያት ንግግር ያጣ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ልምምድ ከጀመረ የመናገር ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ከዚያ ካለፈ እጅግ ዝቅተኛ ነው» አለው መረጃ ክፍሉ። «ይህ በጠቅላላው ለሕዝብ የሚሰጥ ትምህርት ነው። ባለቤትዎ ግን ደህና ናቸው።»

የቀረው መንገድ የአካል መስኮት ነው። ሜክሲኮ አካባቢ፣ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት፣ በአገሪቱ አንድ ብቻ የሆነ መስኮት አለ። ከመስኮቱ ጀርባ ዓይን ያላት ሴት ተቀምጣለች። ሰው በአካል ሲቀርብ ታየዋለች፤ ያየችውን ትጽፋለች፤ የጻፈችው ነገር ከወኪል ቃል ይበልጣል። የአስካለ ተራ ሐምሌ ዘጠኝ ነበር። አሁን ሚያዝያ ነው። መስኮቱ ዓርብ ሊዘጋ ነው።

«ምን ሆነሃል ጋሼ? ፊትህ ይንጠባጠባል» አለች ትብለጥ።

ነገራት። ትብለጥ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች።

«ማነው ይሄን ያቀረበው? ስሙን ንገረኝና ቤቱ ሄጄ ደጁ ላይ እጮህበታለሁ።»

«እኔ ነኝ።»

«እ?»

«እኔ ነኝ ያቀረብኩት።»

ትብለጥ እህቷን አየቻት፣ እሱን አየችው። «በል እንግዲህ አለቀልን» አለችና ማንኪያውን መልሳ አነሳች። «ገንፎው ሳይበርድ ትብላ።»

ልሳነወርቅ ወደ ፖለቲካ የገባው በአንድ ሽማግሌ ዝምታ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ላይ ልደታ አካባቢ ሦስት ጠበቆች በሚጋሩት አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ነበረው፤ ጠረጴዛው ላይ ሦስት መዝገብ፣ መዝገቦቹ ውስጥ ደግሞ ብዙ ተስፋ። በዚያን ጊዜ ወኪሎች ገና አዲስ ነበሩ። አቶ ጥላዬ የሚባሉ የሰንዳፋ ገበሬ ወኪላቸው ይዞታቸውን ለአንድ ቤት ገንቢ ኩባንያ ለቀቀባቸው። ኩባንያው ደውሎ «ለቅቀዋል?» ሲል ወኪሉ «ለቅቄያለሁ» አለ። «ይድገሙት» ሲባል ደገመው። አቶ ጥላዬ እዚያው ቁጭ ብለው ሁለቱንም ጊዜ ሰምተዋል፤ አንድ ቃል አልተነፈሱም። በኋላ ከሰሱ።

ልሳነወርቅ የኩባንያው ጠበቃ ነበር። ሰበር ችሎት ድረስ ሄደ። እዚያም ካባውን አስተካክሎ፣ ትንሽ ዝም ብሎ (ይህን ዝም የማለት ስልት ከቀድሞ አለቃው ነው የወረሰው)፣ ወደ ሽማግሌው ዞረና «ሁለት ጊዜ የሰማውን ቃል ያልተቃወመ ሰው ተስማምቷል። ካልሆነ እስቲ አንድ ያልተስማማ ዝምተኛ ሰው ይጥቀሱልኝ» አለ። ሽማግሌው ዝም አሉ። ችሎቱም ይህንኑ ዝምታ አየና ፈረደ። የሰበር ውሳኔ ከሥር ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ ስለሚያስገድድ፣ በማግስቱ በመላ አገሪቱ ሁለት ጊዜ ተሰምቶ ያልተቃወሙት ቃል የጸደቀ ሆነ። የሕግ ተማሪዎች «የልሳነወርቅ ሕግ» እያሉ እስከ ዛሬ ለፈተና ያጠኑታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ቶሎ ቶሎ ነው የሄደው። ፓርቲው ጠራው። በመጀመሪያው ግምገማ ላይ ራስህን ሂስ ሲባል ራሱን እንደ ተከሳሽ ቆጥሮ ከሰሰ፣ እንደ ጠበቃ ተከላከለ፣ እንደ ዳኛ በማስጠንቀቂያ አለፈው፤ ሰብሳቢው በዚያው ስብሰባ ለምርጫ እጩ አድርጎ አቀረበው። ተመረጠ። የሕግ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ። ሁለት ጊዜ ሚኒስትር ሆነ፤ አንዱን ጊዜ ምን ሚኒስትር እንደነበረ አሁን ራሱ ያስታውሳል ማለት ያስቸግራል። የወኪሎችን አዋጅ አረቀቀ፣ የሸንጎውን የሥነ ሥርዓት ደንብ አረቀቀ። ለባልና ሚስት ደግሞ ልዩ አንቀጽ ጨመረ፤ ወኪል በመሥሪያ ቤት ፊት ካልሆነ፣ ከሌላ ወኪልና ከራሱ ወካይ በቀር ማንንም፣ የትዳር ጓደኛንም ጭምር፣ እንዳያናግር የሚከለክል ነው። ፍቺን ይቀንሳል ተብሎ ነበር፤ ቀንሷልም። የልሳነወርቅና የአስካለ ወኪሎች እርስ በርስ በጣም ይዋደዳሉ። ባለፈው ወር የጋብቻቸውን አርባኛ ዓመት በደስታ አክብረዋል፤ ልሳነወርቅ በጠዋቱ ሪፖርት ሰምቶ አጽድቆታል።

ወደ ሸንጎ መሄድ ያቆመው በጉንፋን ነው። አንድ ሰኞ ትኩሳት ይዞት ወኪሉን ላከ። በማግስቱ ጋዜጦቹ «የተከበሩ አቶ ልሳነወርቅ በዘመናቸው ምርጡን ንግግር አደረጉ» አሉ። ጉንፋኑ በሳምንቱ ለቀቀው። እሱ ግን አልተመለሰም።

ረቡዕ ቀን የድሮ ደንቡን ከነአባሪው አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው፤ ከአስካለ መነጽር በቀር ሌላ ስላላገኘ እሱኑ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። ስምንት ሰዓት ግድም አንቀጽ ዘጠኝ ላይ ደረሰና ቆመ። ሲያረቅ ሊሰርዘው አስቦ የረሳው አንቀጽ ነው። ረቂቅ ያቀረበ ሰው ከድምፅ በፊት በአካል ቀርቦ፣ በረቂቁ የሚጎዳ አንድ በሕይወት ያለ ሰው ከጠቀሰ፣ የዚያ ሰው ወኪል ይጠየቃል። ረቂቁን ያቀረበው ሰው የወኪሉን ቃል «አልቀበልም» ካለ ድምፅ አሰጣጡ ይቆማል፤ ሰው የሆነ አጣሪ በዚያው ዕለት ሄዶ በዓይኑ ያያል።

«አንድ ቃል ብቻ ነው» አላት ትብለጥን፤ ጣቱን አንቀጹ ላይ አድርጎ። «ደህና ነኝ ትላለች፣ እኔ አልቀበልም እላለሁ፤ ያን ጊዜ ሰው መጥቶ ያያታል።»

«ሰው? እዚህ ቤት?»

«እዚህ ቤት።»

«እንግዲያው ቤቱን ላጽዳ» አለች ትብለጥ። ከዚያ ተጠግታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ አደራህን። እዚያ ሄደህ ንግግር እንዳታሳምር። እኔ አውቅሃለሁ። አልቀበልም በልና ውጣ።»

«አልቀበልም ማለት ያቅተኛል ብለሽ ነው? አርባ ዓመት የኖርኩበት ሥራ እኮ ነው።»

አስካለ ከመስኮቱ አጠገብ ግራ እጇን አንስታ ጭኗን መታ አደረገች። ትስቅ ይሆን ትሳደብ፣ ሁለቱም አላወቁም።

ሐሙስ ጠዋት ከጀሞ አሥራ ዘጠኝ የተነሳው ባቡር ውስጥ ብቻውን ነበር። ሰው አይወጣም፤ መውጣት የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ይወጣለታል። በመንገዱ ዳር አንድ የለቅሶ ድንኳን አየ። በፕላስቲክ ወንበሮቹ ላይ የወኪሎች ትንንሽ ጥቁር ሳጥኖች በረድፍ ተቀምጠው በአንድ ድምፅ ያለቅሳሉ፤ መሀል ላይ አንዲት ሴት ጥቁር ለብሳ ብቻዋን ተቀምጣ ጥፍሯን ትቆርጣለች።

የሸንጎው በር ላይ ያለው ጥበቃ ኦላና ይባላል። ልሳነወርቅን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ፤ ተነስቶም ምን እንደሚያደርግ ግራ ገባው።

«በአካል ነው የመጡት?»

«እንደምታየው።»

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ፍተሻውን ረስቼዋለሁ። እጅ ወደ ላይ ነበር መሰለኝ።» ኪሱን ዳበሰው፤ መሀረብ አገኘ፤ መለሰለት። ከዚያ ስክሪኑን አይቶ ራሱን አከከ። «ግን እርስዎ ውስጥ ነዎት ይለኛል።»

«እኔ እዚህ ነኝ።»

«እሱንማ እኔም እያየሁዎት ነው። ግን ውስጥ ነዎት። ሁለተኛ ጊዜ ላስገባዎት አልችልም።»

«እንግዲያው ውስጥ ያለሁትን ጠይቀው።»

ኦላና ጠየቀ። ከበሩ ድምፅ ማጉያ የልሳነወርቅ ድምፅ መጣ፤ ለስላሳና ሳል የሌለበት። «ይግቡ፣ እንግዳዬ ናቸው» አለ ወኪሉ። «ደረጃው ላይ እንዳይወድቁ ደግፋቸው።»

አዳራሹ ውስጥ አምስት መቶ አሥር ወንበር አለ፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጥቁር ሳጥን ተቀምጧል፤ በእያንዳንዱ ሳጥን ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት ትበራለች። ወንበር ቁጥር 317 ላይ፣ ፈዘዝ ያለው አዲስ ትራስ መሀል፣ የሱ ሳጥን ነበር። የሚቀመጥበት ስላልነበረው አጠገቡ ቆመ።

ስብሰባውን የምትመራው አፈ ጉባኤዋ ወይዘሮ ምንትዋብ ናት። ወይዘሮ ምንትዋብ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በሞተች በሦስተኛው ቀን ወኪሏ የሞት ወሬው መሠረተ ቢስ ነው ብላ መግለጫ ስለሰጠች፣ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመርጣለች።

«የተከበሩ ወካይ በአካል ቀርበዋል» አለች። «በደንቡ መሠረት ሦስት ደቂቃ ይሰጣቸዋል። በአካል ስለሆኑ ቀስ ብላችሁ አድምጡ።»

ልሳነወርቅ ጉሮሮውን ጠረገ። መጀመሪያ ድምፁ ሻከረበት። ከዚያ አንድ ነገር ከወገቡ ተነስቶ ትከሻው ላይ ደረሰ፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ እግሩ የችሎት አቋሙን አስታወሰ። አንድ ሕዝብ የሚታይበት የመጨረሻ መስኮት ሲዘጋ የሚጨልመው ሕዝቡ ሳይሆን መንግሥት ነው አለ። ያልታየ ዜጋ ታክስ ይከፍላል፣ ይመርጣል፣ ይሞታል፤ ማንም ግን አላገኘውም አለ። እሱ ራሱ አዋጁን እንዳረቀቀ፣ እንዳቀረበ፣ እንዳጸደቀ አመነ። «ዛሬ የቆምኩት በራሴ ላይ ልመሰክር ነው» አለ፤ የትብለጥን አደራ ረስቶ ንግግሩን አሳመረው። ሳጥኖቹ አዳመጡ። ሁለት ሦስት መብራት ወደ ቢጫ ዞረ።

ወኪሉ ለመመለስ ፈቃድ ጠየቀ። ትንሽ ዝም አለ። ልሳነወርቅ ያቺን ዝምታ አወቃት።

«ወካዬ እንደ ሁልጊዜው ግሩም ተናግረዋል» አለ ወኪሉ። «እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚህ አዋጅ የሚጎዳ አንድ ሰው ይጥቀሱልኝ። አንድ።»

«አስካለ ወልደሰንበት» አለ ልሳነወርቅ። «ባለቤቴ ናት። መናገር አትችልም።»

አምስት መቶ ዘጠኝ መብራት በአንድ ጊዜ ቢጫ ሆነ። አንቀጽ ዘጠኝ ከተጻፈ ጀምሮ ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ወኪሉ እንኳ ዝም አለ፤ ይህኛው ዝምታ ስልት አይመስልም ነበር።

«አንቀጽ ዘጠኝ ተነስቷል» አለች አፈ ጉባኤዋ። «የወይዘሮ አስካለ ወኪል ትጠየቅ። የተከበሩ ወካይ፣ ቃሏን ካልተቀበሉ ‹አልቀበልም› ይበሉ፤ አጣሪ ዛሬውኑ በአካል ይሄዳል። ቃሏን ሁለት ጊዜ ሰምተው ካልተቃወሙ ግን እንደጸደቀ ይቆጠራል።»

«አውቀዋለሁ» አለ ልሳነወርቅ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

አፉ ውስጥ ቃሉን አዘጋጅቶ ቆመ። አልቀበልም። ስድስት ፊደል ናት። ወደ ድምፅ ማጉያው አየ።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ታመዋል ይባላል። እንዴት ነዎት?» አለች አፈ ጉባኤዋ።

«ማን ነው ታመመች ያለው?» አለች አስካለ።

የሷ ድምፅ ነበር። ከሰባት ወር በፊት የነበረውና ከዚያ ወዲህ በጆሮው ያልሰማው፤ ከሰባት ወር በፊት ብቻም አይደለም፣ ልደታ መዝገብ ቤት መስኮት ጀርባ ተቀምጣ ማመልከቻውን ሦስት ጊዜ «ቴምብር የለውም» እያለች የመለሰችበት ጊዜ የነበረው፤ ትንሽ ጎርነን ያለ፣ ሊስቅ ሲል የሚዘገይ። ልሳነወርቅ የያዘውን የወንበር ጀርባ አጥብቆ ጨበጠው።

«ደህና ነኝ» አለች። «ምን እሆናለሁ? ልሳኔ፣ ደግሞ ያንን ኮት ለብሰህ ነው እዚያ የቆምከው? ክርኑ አልቋል፣ ለሰው ስጠው አላልኩህም?»

ልሳነወርቅ ክርኑን አየ። እውነትም አልቆ ነበር።

አዳራሹ ጠበቀ። አምስት መቶ ዘጠኝ ቢጫ መብራት ጠበቀ።

«የተከበሩ ወካይ» አለች አፈ ጉባኤዋ፣ «ተቃውሞ አለዎት?»

አፉን ከፈተ። የተዘጋጀችው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ እንዳለች ያውቃል፤ ማለት ብቻ ነው የቀረው።

«እስቲ…» አለ። «እስቲ አንዴ ድገሚው።»

«ደህና ነኝ አልኩህ እኮ» አለች አስካለ እየሳቀች። «አንተ ሰው፣ ስንቴ ልንገርህ?»

ደወሉ ተመታ። መብራቶቹ ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምሮ አንድ በአንድ ወደ አረንጓዴ ተመለሱ። አዋጁ በአምስት መቶ አሥር ድምፅ፣ ያለ ተቃውሞና ያለ ድምፀ ተዓቅቦ ጸደቀ። ሸንጎው የተከበሩ አቶ ልሳነወርቅ ድንቁ በአካል ድረስ ቀርበው ለረቂቁ ስላሳዩት ድጋፍ ምስጋና አቀረበ። ወኪሉ በዝቅተኛ ድምፅ «ወካዬ፣ ትንሽ ይረፉ» አለው። ኦላና ደግፎ በደረጃው አወረደው፤ ታች ሲደርሱ «ጥሩ ተናገሩ ጌታዬ» አለው። «እኔ የሰው ድምፅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ።»

ቤት ሲደርስ በሩ ክፍት ነበር። ወለሉ ታጥቧል፣ ወንበሮቹ ለእንግዳ እንደሚደረገው በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል፣ አስካለ ጸጉሯ ተጎንጉኖ ንጹሕ ነጠላ ተደርቦላታል። ሰው መጥቶ እንዲያያት ነበር የተዘጋጀችው። ግድግዳው ላይ የሸንጎው ስርጭት አሁንም እንደተከፈተ ነው፤ ስለ ሌላ ጉዳይ ያወራል።

ትብለጥ መጥረጊያዋን እንደያዘች ቆማለች።

«ሰማን» አለች።

ልሳነወርቅ ኮቱን አወለቀና ምን እንደሚያደርገው ስላላወቀ ክንዱ ላይ ይዞት ቆመ።

«አንድ ቃል ነበረች እኮ ጋሼ። አንዲት ቃል። በል በል ስልህ ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ፤ ጎረቤት ሁሉ ሰምቶኛል። አንተ በሕይወትህ ስንቱን ሰው አልቀበልም ብለህ አባረሃል?»

«ብዙ።»

«ታዲያ ምን ነካህ? ረሳኸው? አመመህ? ‹ረሳሁት› በለኝና ይውጣልኝ።»

«አልረሳሁትም።»

«እሺ ለምንድነው ድገሚው ያልካት?»

ልሳነወርቅ ኮቱን ወደ ሌላኛው ክንዱ አዛወረ። ትብለጥ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። እንባዋ መጣ፤ በእጇ ጀርባ ጠረገችውና ወደ እህቷ አመለከተች።

«ለእኔ ተወው። ለእሷ ንገራት። ሐምሌ ድረስ ቀን ስትቆጥር የነበረችው እሷ ናት። ከእንግዲህ ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ልትቀመጥ ነው፤ ምክንያቱን እንኳ አትስማ?»

አስካለ ታየው ነበር። ስርጭቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰምታለች፤ የራሷን ድምፅም ሰምታለች። ግራ እጇ ጭኗ ላይ ተዘርግቷል፣ አይንቀሳቀስም። ዓይኗን ከፊቱ ላይ አልነቀለችም። እዚያ መዝገብ ቤት መስኮት ጀርባ ሆና ማመልከቻውን ስታነብ እንዲህ ነበር የምታየው፤ እስኪናገር ድረስ ትጠብቃለች።

«ጠበቃ አይደለህ እንዴ?» አለች ትብለጥ። «አስረዳና።»

ልሳነወርቅ ወንበር ስቦ ከሚስቱ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«አላስረዳም» አለ።